ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ቤት፤ ቧንቧውና ፍሳሹ



የየካ ነዋሪዎች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቧንቧና ስለ ፍሳሽ ነው። ለመድረክ የሚመች ርእስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ ሽንት ቤት በአደባባይ መናገር ይሉኝታ ያስይዛል። በዚሁ ይሉኝታ የተነሳ ነገሩ ጓዳችን ገብቶ እስኪሸተን ድረስ አናነሳውም፤ ከሸተተን በኋላ ገንዘብ ከፍለን እናስጠርገውና እስከሚቀጥለው ክረምት እንረሳዋለን። እኔ የምለው አጭር ነው፦ በየካ ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ቧንቧውና ፍሳሹ የብቻው አይደሉም። ከላይ ካለው ጎረቤት የሚወርድበት፣ ከታች ላለው ጎረቤት የሚያወርደው አለ። ይህን ያልተቀበለ ሰው ምንም ያህል ውድ ዕቃ ቢያስገጥም ችግሩ አይለቀውም።

እስቲ መሬታችንን እንይ። የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የከተማችን የአዲስ አበባ ዝቅተኛ ጫፍ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበና፣ የካ ሚካኤል፣ ኮተቤ፣ ካራ እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች በዚህ ተዳፋት ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተቀመጡ ናቸው። የጋራው ጫፍ ውሃ ከፋይ ነው። በስተ ሰሜን የዘነበው ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በእኛ በኩል የዘነበው በቀበና ወንዝ አድርጎ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን ይቀላቀላል።

ከተማው ራሱ ከጋራው የወረደው አንድም በውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ እንጦጦ ላይ ብርዱም፣ የማገዶውና የውሃው ችግርም አስመርሮ ነበር። በኋላ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ የመጣ ጊዜ፣ ሥራውን የመራው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ውሃው ከጋራው ወርዶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ፣ እንደገና ወደ ግቢው ጉብታ ሽቅብ መውጣቱ የዘመኑን ሰው እጅግ አስገርሞታል። ተአምር ግን አልነበረም። ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ተገፍቶ ነው የወጣው። ያ ሕግ ዛሬም የኛን ቤት ይገዛል፤ ብቻ አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ዋናው ውሃችን የሚመጣው ከጋራው ጫፍ ሳይሆን ከምሥራቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተሠራው ከለገዳዲ ግድብና በኋላ ከተጨመረው ከድሬ ነው። ወደ ከተማው የሚገባው በኮተቤ በኩል ሲሆን፣ ወደ እንጦጦ ጥግ እንዲወጣ በፓምፕ መገፋት አለበት። ውሃ በቧንቧ ውስጥ 10 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። መንገዱ ዳር ላይ 4 ባር ግፊት ቢኖር ከዚያ 40 ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት ቧንቧው ይተነፍስ እንደሆነ እንጂ አይወርድለትም። «ለእነ እገሌ ይመጣል፣ ለእኛ አይመጣም» የሚለው የሰፈር ቅሬታ ሁልጊዜ አድልዎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዳገቱ ነው።

ከዳገቱና ከእጥረቱ የተነሳ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ፈረቃ ደግሞ ከውሃ እጥረቱ ሌላ የራሱ መዘዝ አለው። ያለማቋረጥ ውሃ የሞላው ቧንቧ ቢሰነጠቅ ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ቆሻሻ ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃው ሲቋረጥ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ያለው ክፍል ሲጎድል ከላይ ያለውን ይስበዋል፤ ያን ጊዜ በስንጥቁ በኩል በዙሪያው ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። ቧንቧው የተቀበረው ከፍሳሽ መስመር ወይም ከጉድጓድ ሽንት ቤት አጠገብ ከሆነ የሚገባው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለመጠጥ አትቅዱት። ግቢ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ አየሩና ዝገቱ ይውጣ፤ የወጣውን ለአትክልት ወይም ለሽንት ቤት አጠራቅሙት። ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሚሰጠውን አፍሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ የገባውን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የምታስታውሱ አላችሁ።

ቧንቧ የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ሰው ተኝቶ ተጠቃሚ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ባዶ ቧንቧ ውስጥ የታመቀው አየርም ውሃው ሲመጣ መገጣጠሚያዎቹን ይመታል። አየሩ ቆጣሪውንም ያሽከረክራል። ተዳፋቱ ግርጌ ያላችሁ፣ ግፊት የሚበዛባችሁ ሰዎች ከቆጣሪው ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ብታስገጥሙ ለቦይለራችሁም ለቧንቧዎቻችሁም ዕድሜ ትጨምራላችሁ።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህችን ታውቋታላችሁ። እናት ጠዋት የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ትከፍታለች፤ ውሃ የለም። የሲንኩ መውረጃ ላይ ሳህን ተደፍቷል። ልጆቹን ልታደርስ ትቸኩላለች፤ ቧንቧው እንደተከፈተ በሩ ይቆለፋል። አምስት ሰዓት ላይ ውሃ ይመጣል። ሲንኩ ሞልቶ ወለሉን ያዳርሳል፣ ምንጣፉን ያርሳል፣ በመብራቱ ቀዳዳ በኩል ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። ማታ ደረጃው ላይ ጠብ ይነሳል፤ ሽማግሌ ይገባል። መድኃኒቱ ግን ሽማግሌ አይደለም። ከቤት ስትወጡ ዋናውን ቫልቭ መዝጋት ብቻ ነው፤ ውሃ ቢኖርም ባይኖርም። ብዙ ቤት ግን ይህ ቫልቭ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አባወራው ነው፤ እሱም ክፍለ ሀገር ነው። በቤቱ ያሉ ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋና አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሳይቀሩ፣ ቫልቩን ዘግተው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። በየሦስት ወሩ አንዴ ካልተዘጋና ካልተከፈተ ደግሞ ይዝግና በጭንቁ ቀን እምቢ ይላል።

የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ የሌለው ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ሮቶው መልካም ነው፤ የሚሰቀልበት ቦታ ግን ያሳስበኛል። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ይመዝናል፤ ሁለት ትንንሽ መኪና ጣራችሁ ላይ እንደማቆም ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ይህን አይችልም፤ በችኮላ የተበየደ ቀጭን ብረትም አይችልም። አቅም ከሌለ መሬት ላይ አስቀምጡትና በትንሽ ፓምፕ አውጡ። ክዳኑ ገጥሞ ይዘጋ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ባዶ ተደርጎ ግድግዳው በበረኪና ይታጠብና ይለቅለቅ። የታጠበበት ውሃ ሳይጠጣ ይፍሰስ። ውሃውን የሚዘጋው ፍሎተር ካረጀ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ በትርፉ መውጫ ይፈስሳል፤ እናንተ ተኝታችኋል፣ ቆጣሪው አልተኛም።

ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ይህን ነውር ብዬ እጠራዋለሁ። የጎረቤትን ድርሻ መሳብ ብቻ አይደለም፤ ቅድም ያልኳችሁን የስንጥቅ ቆሻሻ አብሮ ይስባል፣ የሚጠጡትም የሳቡት ሰዎች ናቸው። ፓምፕ ከራስ ታንከር እንጂ ከሕዝብ መስመር አይስብም።

ስለ ቦይለር አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሲሞቅ ከጎኑ ጠብ ጠብ የምትለዋ ትንሽ ቫልቭ የተበላሸች መስሏቸው በእንጨት የሚወትፉ አሉ። ያቺ ጠብታ የሚታመቀውን ግፊት የምታስወጣ ናት። ብትደፈን ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ ጠፍቶ ሲሰነብት ደግሞ ማብሪያውን አጥፉት።

አሁን ስለ ማፍሰስ። ቧንቧ በሰከንድ አንዴ ጠብ ቢል በቀን 20 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ ጀሪካን። በወር ሠላሳ ጀሪካን። ጀሪካን አሰልፎ ቦቴ የጠበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሁሉ የሚብሰው የሽንት ቤቱ ታንከር ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ በቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ሊያፈስስ ይችላል። ለማወቅ ማታ ታንከሩ ውስጥ ትንሽ የቀይ ሥር ውሃ ጨምሩ። ሳትለቁት ጠዋት መቀመጫው ውስጥ ቀላ ብሎ ካገኛችሁት ውስጥ ያለችው ጎማ አልቃለች፤ የምትለወጥ ርካሽ ዕቃ ናት። ለቤቱ በሙሉ ደግሞ ሁሉን ቧንቧ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። ትንሿ መዘውር የምትዞር ከሆነ ከቆጣሪው ወዲህ አንድ ቦታ ያፈስሳል። ከዚያ ወዲያ ግን፣ ከቆጣሪው በፊት ካለው መስመር መንገድ ላይ ውሃ ሲፈስ ካያችሁ፣ ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ906 ደውሉ። «ሌላው ይደውል» እያልን አንድ ሰፈር ሙሉ ሲያይ የሚሰነብት ፍሳሽ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አከራይና ተከራይን ማንሳት አለብኝ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቆጣሪ ላይ አምስትና ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ሞልቷል። ተከራይ ሲያፈስስ ያያል፤ ቢናገር ኪራይ ይጨመርብኛል ወይም አስጠግን እባላለሁ ብሎ ዝም ይላል። አከራይ በበኩሉ ሒሳቡን ለተከራዮች ስለሚያካፍል አይቸኩልም። ሁለቱም ይከፍላሉ። እኔ የምፈርደው አከራይ ላይ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የቤቱ አካል ነው፤ የቤቱ ባለቤት ያስጠግነው። ተከራይ ደግሞ ያየውን ዕለቱን ይናገር፣ ባዕድ ነገር አስገብቶ ከዘጋው ይክፈል። ይህን በኪራይ ውሉ ላይ ሁለት መስመር አድርጎ መጻፍ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ወደ ፍሳሹ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

የቤታችን ፍሳሽ የሚደፈነው በምን ይመስላችኋል? ፕላስቲክ ይላል ሰው። ዳይፐርና ሞዴስ የመጣል ነገርም አለ፤ ሽንት ቤት ውስጥ የሚጣል ነገር አይደለም፣ አለቀ። የማዕድ ቤቱን መስመር የሚገድለው ግን ስብ ነው። የፋሲካን ማግሥት አስቡ። በግ ታርዷል፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ድስቱ ላይ ቅቤና ዘይት ሁለት ጣት ተንሳፍፏል። ሞራው የተነጠረበት መጥበሻ ትኩስ እንዳለ ሲንክ ላይ ይደፋል፤ የፈላ ውሃ ይከተለዋል፤ ተጠርጎ የሄደ ይመስላል። አልሄደም። ሦስት አራት ሜትር ይሄድና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ላይ ይረጋል። የእንጦጦ ግርጌ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ታውቁታላችሁ። የረጋው ስብ ላይ የቡናው አተላ ይጣበቃል፣ የሩዝና የእንጀራ ፍርፋሪ ይጣበቃል። በገና አንድ ድርብ፣ በጥምቀት አንድ ድርብ፣ በፋሲካ አንድ ድርብ። ሰኔ ላይ ቱቦው ግማሽ ሆኗል። እኔ በከፈትኳቸው የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓዶች (ፖዜቶዎች) ውስጥ በአካፋ ተቆርጦ የሚወጣ፣ ሳሙና የሚመስል ነጭ ነገር አለ፤ ያ የሦስት በዓል ድግስ ነው።

ማስወገጃው ቀላል ነው። ዘይቱና ሞራው በቆርቆሮ ይቀዳ፣ ይርጋ፣ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በደረቅ እንጀራ ይጠረግ። የቡና አተላ ለአበባ ሥር ይደፋ፤ ደግ ነገር ነው። ሲንኩ አፍ ላይ ወንፊት ይቀመጥ።

ቱቦው ተደፍኖ ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ አስቡ፣ ከዚያ ሥሩ። ፖዜቶውን ክፈቱ። ፖዜቶው ባዶ ከሆነ የተደፈነው ከቤቱ እስከ ፖዜቶው ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚያው ከፖዜቶው በኩል ወደ ቤቱ በሽቦ ወይም በሸንበቆ ይገፋ። ፖዜቶው ሞልቶ ከሆነ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ነው፤ ቤት ውስጥ ብትፍጨረጨሩ ትርፉ ድካም ነው። የጎረቤትም ሞልቶ ከሆነ የሕዝብ መስመሩ ነውና ባለሥልጣኑ ይጠራ። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ቧንቧ ሠራተኛ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። አሲድ መድፋት ፒቪሲውን ሊጎዳ ይችላል፤ አሲድን ከበረኪና ጋር ማደባለቅ ደግሞ መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ያልተደፈነ ቱቦ ከሸተተ ደግሞ ከላቫንዲኖው ሥር ያለውን ሲፎን ተመልከቱ። ውስጡ የሚቀረው ውሃ ነው ሽታውን የሚያግደው። የእንግዳ ክፍል ሽንት ቤት ሳይነካ ወራት ሲቆይ ውሃው ይተንና በሩ ለጋዙ ክፍት ይሆናል። አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃዋል።

ባሕር ዛፉን አልረሳሁትም። ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን እንጦጦን ያለበሰው ዛፍ ከተማውን ከማገዶ ችግር አውጥቶታል፤ ሥሩ ግን ውሃ ፈላጊ ነው። የሲሚንቶ ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ካገኘ ይገባል፣ ውስጥ ገብቶ ይንሰራፋል። ግቢያችሁ ውስጥ ፍሳሹ በሚያልፍበት መስመር ላይ ዛፍ አትትከሉ። የት እንደሚያልፍ ካላወቃችሁ ደግሞ የመንገድ ሥራ መሬቱን ሲከፍተው በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ከተሸፈነ በኋላ የሚነግራችሁ የለም።

ክረምት ሲገባ ሌላ በደል እንፈጽማለን። የጣራውን ውሃ ወደ ፍሳሽ ፖዜቶው እንለቃለን። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ውሃ ነው፤ በሐምሌ ይህ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ነው። የፍሳሽ መስመሩ ለዝናብ አልተሠራም። ሃያ ቤት እንዲህ ሲያደርግ ከታች ያለው ማንሆል ክዳኑን አንስቶ ይወጣል፤ ተዳፋቱ ግርጌ ያለችው መበለት ሳሎን ውስጥ የሚገባው የሃያ ቤት ሽንት ቤት ነው። አሸንዳውን ወደ ጎርፍ ቦዩ መልሱ፤ ከቻላችሁ ወደ በርሜል።

የሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ፣ ገንዳው እስኪሞላ አትጠብቁ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ወይም ዝቃጩ ሲሶውን ሲይዝ ይመጠጥ። የሚመጥጠው መኪና ኮተቤ ወይም ቃሊቲ ካለው ማጣሪያ እንዲደፋ ጠይቁ፤ ሌሊት ቀበና ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ርካሽ ዋጋ ቢጠይቅ አትገረሙ። ያ የተለቀቀው ቁልቁል ወርዶ በአቃቂ በኩል ሰላጣና ጎመን ያጠጣና ተመልሶ ሾላ ገበያ ላይ ሊጠብቀን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ስሙኝ፦ ማንም ሰው ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ አይውረድ። ውስጡ ያለው ጋዝ በሁለት ትንፋሽ ያዞራል። አንዱ ወርዶ ይወድቃል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፣ እሱም ይቀራል። በዜና ስንት ጊዜ ሰማን? የቀን ሠራተኛ ድሃ ነውና ብር ካገኘ ይወርድላችኋል። አታውርዱት። የወደቀ ካለም ተከትላችሁ አትግቡ፤ የእሳትና አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ።

ባለሥልጣኑ የሚጠበቅበት ብዙ ነው። ፈረቃው ሲለወጥ በጊዜ ይንገረን፣ መንገድ ላይ የተቆፈረው ሳምንት አይሰንብት፣ የፍሳሽ መስመር ያልደረሳቸው የዳገት ሰፈሮች ተራ ይድረሳቸው። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ግን ሲንኩ ላይ ሞራ የደፋው ባለሥልጣኑ አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ጠርገን እናጥናለን። እኛ ደግሞ በእድራችን ሌላ ቀን እንቁረጥ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት ፖዜቶውን ይክፈት፣ ከላይኛው ጎረቤት ተጀምሮ እስከ ታችኛው በየተራ ውሃ ይለቀቅና የቆመበት ይታይ፣ አሸንዳ ያገናኘ ያላቅቅ። አቅም የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ወጣቶቹ ይሥሩላቸው፤ ሸንበቆና ጓንት ከእድሩ ሣጥን ይገዛ። የእድር ዳኞቻችን እዚህ ስላላችሁ፣ ቀኑን ዛሬ ከመበተናችን በፊት እንድትወስኑልን እለምናለሁ።